የአጎቴ ደብተርና ያልተጠየቀው ገበሬ

የአጎቴ ትውልድ ሶሻሊዝምን የተማረው እንደ ሒሳብ ነው። መነሻ አለው፣ ሕግ አለው፣ ከሕጉ የሚወጣ ውጤት አለው። አጎቴ አቃቂ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ የክር ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ የውይይት ክበብ ይቀመጣል፤ መቅረት አይቻልም። ያኔ ማስታወሻ የያዘበት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፣ አርእስቱ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሠምሮበታል፤ የትጉህ ተማሪ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ላይ «መጠናዊ ለውጥ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ ይሸጋገራል» የሚል የዲያሌክቲክ፣ ማለትም በቅራኔ የሚመጣ ለውጥ፣ ሕግ ሰፍሯል። ከሥሩ ምሳሌው አለ፦ ውኃ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ 100 ዲግሪ ሲደርስ ግን ይፈላል፤ ኅብረተሰብም እንደዚሁ ቅራኔው ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ በአብዮት ይለወጣል።

የባዮሎጂ መምህር ነኝና ይህን ገጽ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ያርፋል። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚህ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ምሳሌው ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ መጣ፣ ካድሬው አነበበው፣ አጎቴ ጻፈው። ቴርሞሜትር የነከረ ሰው አልነበረም። ሕጉ ለኅብረተሰብ ይሠራል አይሠራም ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይንስ ነው ተብሎ የተሰጠን ነገር እንድንለካው ሳይፈቀድልን መምጣቱ ነው።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ሶሻሊዝም የድሃውን ጥያቄ የዓለም ትልቁ ጥያቄ አድርጎ ማንሣቱ እውነተኛ ክብሩ ነው። ያንን የፍትሕ ጥያቄ በሥነ ምግባርነቱ በግልጽ ከመሟገት ይልቅ «ሳይንስ መልሶታል» ብሎ መዝጋቱ ግን ፍሬኑን ነቀለው። ፍሬን የሌለው መኪና ደግሞ መጀመሪያ የሚገጨው መንገድ ላይ ያለውን እግረኛ ነው፤ ሊጭነው የመጣውን ያንኑ ሰው።

የሳይንስነቱ ጥያቄ የተወለደው ከእኛ ሩቅ ነው። የካርል ማርክስ የትግል ባልደረባ ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሶሻሊዝምን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ የምኞት፣ ሌላው የሳይንስ። ሴን ሲሞን፣ ፉሪዬና ሮበርት ኦወን ከምኞቱ ወገን ሆኑ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ነገር ግን የመልካም ኅብረተሰብን ንድፍ ከአእምሯቸው አውጥተው ዓለምን ለማሳመን የሞከሩ ናቸው ተባለ። ማርክስ ግን ሁለት ግኝት አለው፦ ታሪክን ከቁሳዊ መሠረቱ ተነሥቶ መረዳትና ትርፍ እሴት፣ ማለትም ሠራተኛው ከደመወዙ በላይ የሚፈጥረው ዋጋ፣ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት። ማርክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1883 ለንደን ሃይጌት መቃብር ሲቀበር ኤንግልስ ይህንኑ አጠንክሮ ተናገረ፦ ዳርዊን የሕያዋንን የዕድገት ሕግ እንዳገኘ ሁሉ ማርክስም የሰው ልጅ ታሪክን የዕድገት ሕግ አገኘ። ማርክስ «ካፒታል»ን ለዳርዊን ልኮለት እንደነበር ይታወቃል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1873 በትሕትና አመስግኖ መለሰለት፤ የመጽሐፉ ገጾች ግን አብዛኞቹ ጠርዛቸው እንኳ ሳይቆረጥ ቀሩ።

ዳርዊንን ሳስተምር ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እውነተኛ የሳይንስ ሐሳብ «እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ተሳስቻለሁ» ይላል። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር ይህን መመዘኛ ያገኘው ቤተ ሙከራ ውስጥ አይደለም። ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ቪየና ውስጥ፣ ለጥቂት ጊዜ ከኮሙኒስቶች ጋር ነበር። አንድ ሰልፍ ላይ ወጣቶች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የመደብ ትግሉ መሥዋዕት ይጠይቃል የሚል ትምህርት ተቀብሎ ነበርና፣ ሌሎች እንዲሞቱለት የምቀበለውን ይህን ትምህርት በእርግጥ መርምሬዋለሁ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ከዚያች ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። በፖፐር ፍልስፍና የማልስማማበት ብዙ አለኝ፤ ይህቺን ጥያቄ ግን የእኛ ወጣቶች በ1960ዎቹ ዓ.ም. ቢጠይቋት ኖሮ እያልኩ አዝናለሁ።

ይህን ስል ትንታኔው ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ከአቃቂ እስከ ዱከም የተዘረጋው መረሬ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል የሰባ መሬት ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ያረሰው ጭሰኛ ከምርቱ ሢሶውን፣ አንዳንዱም እኩሌታውን፣ ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። «ዕጣችን ነው» ተብሎ ሲኖርበት የነበረውን ነገር «ማን ያርሳል? ማን ይበላል? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ዓይን የሚከፍት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲያመሩ ያነሡት ጥያቄ ትክክል ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዋጁ ሲነበብ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ሰልፍም ከልብ የወጣ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የአገሪቱን ሥርዓት ከሥሩ የነካ እንዲህ ያለ ሌላ ውሳኔ አላውቅም።

ግን እነዚያን ተማሪዎች አደባባይ ያወጣቸው የዲያሌክቲክ ሕግ አይመስለኝም። ቁጣ ነው ያወጣቸው፤ ቁጣው ደግሞ ከቤታቸው ነው የመጣው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ቁርአን የቀሩ ናቸው። የድሃ አደጉን ፍርድ ማጣመም፣ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ኃጢአት መሆኑን ከእናት ከአባታቸው ሰምተዋል። ሳይንስ ጭሰኛው ሢሶ እንደሚሰፍር ሊነግረን ይችላል፤ እንዴት እዚያ ላይ እንደተደረሰም ሊያስረዳን ይችላል። መስፈሩ ግፍ ነው የሚለው ፍርድ ግን ከቁጥሩ ውስጥ አይወጣም። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1740 እንዳመለከተው፣ ካለው ነገር ብቻ ተነሥቶ መሆን ወዳለበት ነገር መሻገር አይቻልም፤ መካከል ላይ አንድ የሚጎድል አለ። የጎደለውን ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ይዘውት መጡ፤ የተማሩት ርዕዮተ ዓለም ደግሞ እንዲያፍሩበት አደረጋቸው።

ማርክስ ራሱ በዚህ ነገር ሁለት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ፓሪስ ኮሙን፣ ሠራተኞች ከተማዋን ለጥቂት ጊዜ ስላስተዳደሩበት አመፅ፣ ሲጽፍ፣ ሠራተኞች እውን የሚያደርጉት ዝግጁ ሐሳባዊ ግብ የላቸውም፤ አሮጌው ኅብረተሰብ ያረገዘውን አዲሱን ነጻ ያወጣሉ እንጂ ይላል። እዚህ ላይ ሥነ ምግባር ቦታ የለውም፤ ታሪክ ይበቃል። «ካፒታል» ውስጥ ስለ ሥራ ቀን ርዝመት የጻፈውን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ድምፅ ይሰማል። በእንግሊዝ የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ሪፖርት እየተመራ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ክብሪት ሠሪውን ሕፃን፣ በሥራ ብዛት የሞተችውን የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ አንድ በአንድ ያነሣል፤ ካፒታልን ደም መጣጭ ይለዋል። ይህ የነቢይ ቁጣ ነው። ማርክስን ዛሬም የሚያስነብበኝ ይኸኛው ነው።

ከእሱ በኋላ የመጡት ተከራክረውበታል። ጀርመን ውስጥ ማርቡርግ ላይ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ ሄርማን ኮኸን የጀርመን ሶሻሊዝም እውነተኛ መሥራች ፈላስፋው ካንት ነው እስከማለት ደርሷል። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ሰውን መቼም ቢሆን መጠቀሚያ ብቻ አታድርገው፣ ራሱ ግብ ነው ብሎ ነበርና፤ ለኮኸን ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛው ጉልበት እንደ ዕቃ መገዛቱ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ሚዛን ነው። ጀርመናዊው ሶሻሊስት ኤድዋርድ በርንሽታይን ወደዚሁ አቅጣጫ አዘነበለ። የማርክሲስቶቹ ሊቅ ካርል ካውትስኪ እ.ኤ.አ. በ1906 መለሰላቸው፦ ሥነ ምግባር ከማኅበራዊ ስሜት የበቀለ ነው፣ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም መሪ አያደርገውም። ሌኒን ደግሞ በጥቅምት 1920 እ.ኤ.አ. ለወጣት ኮሙኒስቶች ባደረገው ንግግር ነገሩን ጨረሰው፤ ሥነ ምግባራችን ሙሉ በሙሉ ለመደብ ትግሉ ጥቅም የተገዛ ነው አለ።

ወደ እኛ የደረሰው ይኸው የሌኒን መልስ ነው። የኮኸን ስም የአጎቴ ደብተር ውስጥ የለም፤ የካንት ስም ያለው «ሃሳባዊ» ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግም፣ ኢሕአፓም፣ መኢሶንም ያነበቡት ተመሳሳይ መጽሐፍ ነበር። ሦስቱም ታሪክ ከእኔ ጋር ነው ብለዋል። ታሪክ ከእኔ ጋር ነው ያለ ሰው ፊቱ የቆመውን ልጅ የእናቱ ልጅ አድርጎ አያየውም፤ «አድኃሪ»፣ «ንዑስ ከበርቴ»፣ «አናርኪስት» አድርጎ ነው የሚያየው። ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ይለጠፍበት የነበረው ለዚህ ነው። የአጎቴ ደብተር በ1970 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ለምን እንደቆመ ጠይቄው «እኛ እኮ የገባነው ሰው ለመርዳት ነበር» ብቻ አለኝ። አብሮት ማሽን ላይ ይቆም የነበረ የአንድ ጎረምሳ ስም አነሣና ወሬውን ለወጠ።

ሥነ ምግባርን ከሥልጣኑ ያወረደ ሳይንስ፣ ሳይንስ ሆኖ መቆየትም አልቻለም። ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየኝ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወት ነው፤ ታሪኩ ከእኛ ስንዴ ጋር የተሣሠረ ስለሆነም በሙሉ ልናገረው እፈልጋለሁ።

ቫቪሎቭ ሶቪየት ኅብረት ካፈራቻቸው ታላላቅ የዕፅዋት ተመራማሪዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገባ፤ አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪን አነጋገረ፣ ከዚያ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጓዘ። በየገበያውና በየአውድማው ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ ሽምብራ እየዘገነ ሰበሰበ። ሌላ ቦታ ለአንድ አገር የሚበቃ የስንዴ ዓይነት፣ እዚህ አንድ ማሳ ላይ ተቀላቅሎ ያገኝ ነበር። አገራችንን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ሥራው ከሶሻሊዝም መልካም ጎን ጋር የሚስማማ ነበር፤ የአብዮቱ አገር ረሃብን በዕውቀት እንድታጠፋ ፈልጎ ነው ዓለምን የዞረው።

ከዚያ ሶቪየታዊው የግብርና ባለሙያ ትሮፊም ሊሴንኮ መጣ። ሊሴንኮ ዘረ መል የሚባል ነገር የለም፣ ሰብል በአያያዝ ጠባዩ ይለወጣል፣ የተለወጠውንም ለዘሩ ያወርሳል አለ። ለማርክሲስቱ ፍልስፍና፣ ለዲያሌክቲካዊ ቁስ አካላዊነት፣ የሚስማማው ይኸኛው ነው ተባለ፤ ዘረ መልን ማጥናት የከበርቴ ሳይንስ ሆነ። የሙከራው ውጤት አልነበረም የፈረደው፣ ፍልስፍናው ነው። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 ለዕፅዋት አሰሳ በወጣበት ተያዘ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በሚያልቅበት በዚያው ጊዜ ደግሞ ባልደረቦቹ እሱ ያሰባሰበውን ዘር ይጠብቁ ነበር። ሩዙ፣ ስንዴው፣ ኦቾሎኒው እጃቸው ላይ እያለ አንዳንዶቹ በረሃብ ሞቱ እንጂ አልበሉትም። ከእኛ አውድማ የተወሰደው እህልም እዚያ ክምችት ውስጥ ነበረ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1948 የሊሴንኮ ትምህርት በመንግሥት ደረጃ ጸደቀ፤ የዘረ መል ትምህርት ከየዩኒቨርሲቲው ተባረረ። በሶቪየት ምድር እንደገና ቀና ያለው ከ1964 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር ሁሌም አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እነዚያ ሰዎች ዘሩን ለምን አልበሉትም?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ባዮሎጂ መልስ የለውም። ገና ላልተወለደ የማያውቁት ሰው ብለው ነው። ሶሻሊስት ነበሩ ሊሆን ይችላል፣ ክርስቲያንም፣ አይሁድም፣ የማያምኑም ሊሆኑ ይችላሉ። ያደረጉትን ያደረጉት ግን ታሪክ አስገድዷቸው አይደለም፤ ይገባል ብለው ነው። እኛም አገር የዘር ባንክ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም.፣ በዚያ ቀውጢ ዘመን መሆኑ ይገርመኛል። በኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ገበሬውን ራሱን የዘር ጠባቂ አድርገው አብረውት ሠሩ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ዘሩን ለሺህ ዘመን መርጦ ያቆየው ገበሬ ስለሆነ ገበሬውን ጠይቁት የሚል ሳይንስ ነበር። ከሊሴንኮ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ማሳውንም ባለማሳውንም ይሰማል።

ስለ ሃይማኖት ስናወራ «የሕዝብ ማደንዘዣ» የምትለዋ ቃል ትመጣለች። ማርክስ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው፤ እዚያው ጎን ሃይማኖት የተጨቆነው ፍጡር ትንፋሽ፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ነው ብሏል። አጎቴ ደብተር ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራ እንደነበርና ለቅዳሴ በሌሊት ሄደው እንደሚመለሱ ከአክስቴ ሰምቻለሁ። ደርግ በዚህ በኩል ያደረገውን መልካምም መካድ አይገባም። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ክርስቲያን ወገኖቻቸውን ጭምር አሰልፈው የጠየቁት እኩልነት ተሰምቶ ኢድ፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆነዋል። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗም አብቅቷል። ይህ ፍትሕ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሠሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

በዚያው ዓመት የተገደሉት የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁሌም ያስተምሩኛል። ጉዲና የድሃው ጠላት አልነበሩም፤ የመሬቱን አዋጅ የደገፉ፣ ከአብዮቱ በፊትም የምዕራብ ቤተ ክርስቲያናትን «ነፍስንና ሥጋን አትለያዩብን፣ ወንጌልና ልማት አንድ ላይ ናቸው» ብለው የሞገቱ ሰው ናቸው። ፍትሕን ከሶሻሊስቶቹ ጋር ፈለጉ። እምቢ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ርዕዮተ ዓለም የመጨረሻው እውነት ነኝ እንዲል አልፈቀዱለትም። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ሊያስወጧቸው ሲያመቻቹ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። አጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ የአቡነ ቴዎፍሎስም እንዲሁ በዚያው ዓመት።

ኔሬሬ ራሳቸው ካቶሊክም ሶሻሊስትም ነበሩ። ሶሻሊዝም የአስተሳሰብ ጠባይ ነው ብለው ነበር፤ የታሪክ ሕግ ሳይሆን ሰው ለሰው ያለው አመለካከት። ይህ ለእኔ ከሌኒን መልስ እጅግ ይሻላል። ሃይማኖትና ሶሻሊዝም በተፈጥሯቸው ጠላት ናቸው ለሚልም መልስ ነው። ለነገሩ ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1875 «ከእያንዳንዱ እንደ ችሎታው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ» ሲል፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ላይ ያመኑት ንብረታቸውን ሸጠው ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ይካፈሉ እንደነበር ከተጻፈው ምን ያህል ይርቃል? በእስልምና ዘካም እንኳ ባለጠጋው በፈቃዱ የሚወረውረው ሳይሆን ድሃው መብት ያለበት ገንዘብ ነው።

ግን እዚህ ላይ ማቆም ለራስ መዋሸት ይሆናል። እኒያው ደጉ ኔሬሬ በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ገበሬውን ኡጃማ ወደተባለ የጋራ መንደር በግድ አስገብተዋል። እኛም ከ1977 ዓ.ም. በኋላ መንደር ምሥረታ ብለን ቤት አፍርሰናል። ልብ ጥሩ መሆኑ አልበቃም። ሳይንሱም፣ ሃይማኖቱም፣ ደግነቱም በአንድ በር ላይ ይሰናከላሉ፤ ለሱ ጥቅም ተብሎ ነገሩ የሚወሰንበት ሰው አልተጠየቀም።

ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጄ ነው ያየሁት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ አሁንም የሚታረስ ቁራጭ መሬት አለ፤ መስከረም ላይ ሽምብራ ይዘራበታል፣ ኅዳር ላይ እሸቱ በጥቅል በጥቅል አስፋልት ዳር ይሸጣል። የሚሸጡት ሽማግሌ የተወለዱት አሁን ሕንፃ በቆመበት ቦታ ነው። አባባ እላቸዋለሁ፤ ሰላምታችን በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል። አንድ ቀን ስለ መሬት አዋጁ ጠየቅኋቸው።

«በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ጭሰኛ ነበር» አሉኝ። «ደርግ መሬቱን ሰጠን፣ እግዜር ይስጠው። እህሉን ግን በኮታ ወሰደው፤ ዋጋውን እሱ ነው የሚቆርጠው። ኋላ ደግሞ መሬቱ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። ሦስቱም ጊዜ የነገሩን ከወሰኑ በኋላ ነው። መስጠቱንም የሰማነው በሬዲዮ ነው።»

ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። የመሬቱ ጉዳይ ግን ከሥርዓቱ ጋር አልሄደም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ ገበሬውም ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ካሳውም በሕግ ይሰላል፦ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛል። መሻሻሉ ጥሩ ነው። ሆኖም ይህ ስሌት የሚጀምረው መሬቱ ይሄዳል ከተባለ በኋላ ነው። ይሂድ ወይ የሚለውን አይነካም። ዛሬ ማንም ካድሬ ስለ ታሪክ ሕግ አያስተምረንም፤ ያ ወንበር ላይ ግን ልማት ተቀምጦበታል። የማይቀር ነው፣ ለሁሉም ይበጃል፣ የሚያቅማማ ወደ ኋላ የቀረ ነው። አነጋገሩን ከአጎቴ ደብተር አውቀዋለሁ። እኔም የምኖረው በዚሁ ልማት በተሠራ ቤት ነው፤ ቤት ለሌለው ቤት መሥራትም ፍትሕ ነው። በሁለት ፍትሖች መካከል ማስላት ሲያስፈልግ ግን የሚሰላበት ሰው ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ እንዲቆም የሚያደርግ አሠራር፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ልክ አይደለም።

አጎቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ የእድራችንም አባል ነው። እድራችን የብሎኮች እድር ነው፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አለበት። ድስቶቹ ሲቀመጡ ለየብቻ ናቸው፤ የሙስሊሙ ድስት እጀታ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ እንዳይቀላቀል። በቅርቡ ኮሙናሉ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ የአንድ ጎረቤት ጉዳይ ቀረበ። ጥበቃ ነበር፣ ሥራው ቆሟል፣ ወርኃዊ መዋጮ ሳይከፍል ሦስት ወር አልፎታል። በደንቡ መሰረዝ አለበት። እናቱ ደግሞ ታማለች።

ጸሐፊው አንቀጹን አነበበ። አንድ ጡረተኛ ሾፌር ደንብ ለአንድ ሰው ከተጣሰ ነገ ለሁሉም ይጣሳል አለ፤ እውነቱን ነው፣ እድር የሚቆመው በደንቡ ነው። አንዲት እናት «ዘካ ታዲያ ለማን ነው የሚወጣው? እኛ እንክፈልለት» አሉ። ሌላው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጠቀሰ። ክርክሩ ጦፈ፣ ግማሹ ይሰረዝ፣ ግማሹ ይማር አለ። አጎቴ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይናገሩ» አለ ሰብሳቢው።

«ሰውየውን ጠይቃችሁታል?»

አልጠየቅነውም። ውጭ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር። ተጠራ። ምሕረቱንም አልፈለገ፣ መሰረዙንም አልፈለገ። ድንኳኑን እኔ እተክላለሁ፣ አግዳሚውን እኔ እሸከማለሁ፣ ሥራ ሳገኝ ውዝፉን እከፍላለሁ አለ። ለድንኳን ተካይ ስንከፍል የነበረው ገንዘብ ከመዋጮው ይበልጥ ነበር። በአንድ ድምፅ አለፈ። ከእኛ መካከል ያሰበው አልነበረም፤ እንዴት ያስባል፣ ጉልበቱና ክብሩ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ የሚታየው ሌላ ጉዳይ ነው። ሽማግሌውና ከሕንፃዎቹ ኋላ የቀሩት ጥቂት የገበሬ ቤተሰቦች እድሩ ውስጥ ለመግባት ጠይቀዋል። የድሮ እድራቸው ከመንደራቸው ጋር ተበትኗል። ደንባችን አባል የሚሆነው «የብሎኩ ነዋሪ» ነው ይላልና አንዳንዶች ይከብዳል እያሉ ነው። አንቀጹ እንዲሻሻል በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ የፈረሙልኝ ጎረቤቶችም አሉ። ከዚያ በፊት ግን ሰብሳቢውን አንድ ነገር ለምኛለሁ። ስለ እነሱ መነጋገር ከመጀመራችን አስቀድሞ ሽማግሌው ገብተው ይቀመጡ፣ መዋጮውን ስንት ቢሆን እንደሚችሉ፣ ለቅሶ ሲደርስ በምን በኩል ማገዝ እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይንገሩን። የሚቀላቸው ከሆነ በኦሮምኛ ይናገሩ፤ የሚያስተረጉም ጎረቤት ሞልቶናል።